የ2019 ሠርግ በየትኛው ወቅት ይሁን?

ሠርግ ለመደገስ ያሰበ የከተማ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አዳራሽ ነው። የትኛው እሑድ ክፍት እንደሆነ ይጠይቃል፣ ቀብድ ይከፍላል፣ የጥሪ ካርድ ያሳትማል፤ ቀኑ ጾም መዳረሻ ላይ መዋሉ፣ የገጠሩ ዘመድ አጨዳ ላይ መሆኑ ወይም የአማቾቹ ወገን በዚያ ሳምንት እህል የማይቀምስ መሆኑ የሚታወቀው ካርዱ ከተበተነ በኋላ ይሆናል። እኔ በዚህ ቅደም ተከተል አልስማማም። የሠርግ ወቅት መመረጥ ያለበት ከአዳራሹ ሳይሆን ከተጋባዡ ተነሥቶ ነው፤ መምጣት፣ መብላትና መመረቅ ያለባቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑ በቅድሚያ ሊታሰብ ይገባል ብዬ አምናለሁ። መጪው 2019 ዓ.ም. ደግሞ ይህን ጥያቄ ችላ ለሚል ቤተሰብ የማይመች ዓመት ነው፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች በዝርዝር አስረዳለሁ።

ጉዳዩ በቤታችንም ያለ ነው። ታናሽ እህቴ በሚቀጥለው ዓመት ልትዳር ነው፤ ሽማግሌ ተልኮ እሺታው ተሰጥቷል። የእኛ ወገን ከሰሜን ሸዋ፣ ከጅሩ ሲሆን አብዛኛው ዘመዳችን ዛሬም ገበሬ ነው። የሙሽራው ወገን የወሎ ሰው ነው፤ እንደ ብዙ የወሎ ቤተሰብ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ ያለ፣ በክፉም በደጉም የማይለያይ ወገን ነው። ታላቅ ወንድማችን የሚኖረው አሜሪካ ነው። እነዚህን ሦስት ወገኖች በአንድ ቀን ማሰባሰብ የሚቻልበትን ወቅት ፍለጋ ነው እንግዲህ ወደ ዘመን መቁጠሪያው የመራን።

በሌላው አገር የሠርግ ወቅት ሲባል የሚታሰበው የአየሩ ጠባይ ነው። በእኛ ዘንድ ግን በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ለሚዳር ሰው ወቅቱን አስቀድሞ የሚወስነው ጾሙ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ጾመ ነቢያት አለ፤ ከዚያ የነነዌ ሦስት ቀን፣ 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም፣ ከጰራቅሊጦስ ማግስት እስከ ሐምሌ 5 የሚደርሰው የሰኔ ጾም፣ በመጨረሻም ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታ ይመጣሉ። በእነዚህ ጊዜያት ተክሊል አይደርስም፣ ፍሪዳ አይጣልም። ሙሽሮቹ ራሳቸው ሥርዓቱን የማይከተሉ ቢሆኑ እንኳ ግማሹ ተጋባዥ ጾመኛ በሆነበት ድግስ ላይ በሬ መጣል ደጋሹንም እንግዳውንም ያሳቅቃል። የቀሩት ክፍት ጊዜያት ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ በሐምሌ ጥቂት ሳምንታት፣ ከፍልሰታ በኋላ ያሉት የክረምት ቀናት፣ እንዲሁም ከመስከረም እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለው ወራት ናቸው። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ ታላላቅ የሠርግ ወቅቶች፣ ማለትም የጥርና የፋሲካው፣ በየዓመቱ ይሰፋሉ፣ ይጠብባሉ። ነነዌ ከጥር 17 ቀድሞ አይውልም፣ ከየካቲት 21 አያልፍም፤ ዐቢይ ጾምም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አንዱ ዓመት ከጥምቀት በኋላ ያለውን የሠርግ ወቅት ከሌላው ዓመት በአንድ ወር ሊያስረዝመው ወይም ሊያሳጥረው ይችላል።

ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲመክር እናቴ ያነሣችው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነበር፦ «የኔታ፣ የሚመጣው ፋሲካ መቼ ነው የሚውለው?» የኔታ የምንላቸው መሪጌታ አጎታችን ናቸው። የታተመ የቀን መቁጠሪያ ይምጣልዎ ስንላቸው እንቢ ብለው እስክሪብቶና የተማሪ ደብተር ጠየቁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረውን 5500 ዘመነ ፍዳ ከ2019 ጋር ደምረው 7519 አሉ። ይህንን በ19 ሲገድፉት፣ ማለትም ሲያካፍሉት፣ 14 ተረፈ፤ አንዱን ስለ ዘመን ትተው ወንበር የሚባለውን ቁጥር 13 አደረጉት። 13ን በ19 አባዝተው 247 አገኙና በ30 ሲገድፉት 7 ቀረ፤ እርሱ መጥቅዕ የሚባለው ቁጥር ነው። መጥቅዕ ከ14 ካነሰ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት፣ ነነዌም በየካቲት ስለሚውል የጥቅምት 7ን ዕለት ፈለጉ፤ ቅዳሜ ሆነ። የቅዳሜ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተመደበው ተደማሪ፣ 8 ስለሆነ ከ7 ጋር ተደምሮ የአጽዋማቱና የበዓላቱ መነሻ የሆነው መባጃ ሐመር 15 ወጣ። ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር ቀላል ነበር፤ ነነዌ የካቲት 15፣ በ15ቱ ላይ 14 ሲጨመር ዐቢይ ጾም የካቲት 29፣ በዚያው 15 ላይ 9 ሲጨመር ደግሞ ፋሲካ ሚያዝያ 24። ጰራቅሊጦስ ሰኔ 13 ይውላል፣ የሰኔ ጾምም በማግስቱ ይገባል። ይህ ሁሉ ቡናው ሁለተኛው ሳይቀዳ ያለቀ ሥራ ነው። ባሕረ ሐሳብ የተባለውን ይህን የቤተ ክርስቲያን የዘመን ሥሌት በቃሉ የሚያሰላ ሰው በቤተሰቡ ያለው ሁሉ፣ ቀን ከመቁረጡ በፊት እንዲህ አጠገቡ አስቀምጦ ቢያየው መልካም ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ አንድ በአንድ ሲወጣ ቤተሰቡ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ዓመቱን በሙሉ በዓይኑ ያየዋል።

የ2019 ዓመት ሲታይ በመጀመሪያ የሚያስደስተው የጥር ወቅት ስፋት ነው። በ2018 ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 9 ነበር፤ በ2019 ግን እስከ የካቲት 28 ድረስ ከነነዌ ሦስት ቀን በስተቀር በሩ ክፍት ነው። ከዚህ በተቃራኒ የፋሲካው ወቅት ለብዙ ቤተሰብ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ቀኑ ከሚያዝያ 24 እስከ ሰኔ 13 ሲቆጠር ረጅም ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁን በግንቦት መዳር የማይወድ ቤተሰብ ብዙ ነው። ከእነዚህ ቤተሰቦች ጋር ክርክር መግጠም ተገቢ ነው ብዬ አላስብም፤ እናትና አባት ቅር እያላቸው የሚደገስ ሠርግ ምርቃቱ ሙሉ አይሆንምና። ፋሲካ ሚያዝያ 24 እሑድ ከዋለ የሚቀጥለው እሑድ፣ ዳግም ትንሣኤ፣ ግንቦት 1 ላይ ያርፋል፤ ይህም የልደታ ቀን ነው። እንግዲህ ግንቦትን ለሚሸሽ ሰው ከፋሲካው ዕለት በኋላ በሚያዝያ አንድም እሑድ አይተርፈውም ማለት ነው፤ ያለው ቅዳሜ ሚያዝያ 30 ብቻ ነው። በሌላው ዓመት ለዳግም ትንሣኤ ይደግስ የነበረው ሕዝብ በሙሉ በ2019 ወደ ጥርና ወደ የካቲት ይጎርፋል ብዬ የምገምተው ስለዚህ ነው። የአዳራሹ፣ የዲኮሩ፣ የቪዲዮ ቀራጩና የድንኳኑ ወረፋ ከወትሮው የበለጠ እንደሚሆን ከወዲሁ ማሰብ ይገባል።

የካቲት ክፍት ነው ካልን ለምን ወደዚያ አንሄድም? መልሱን የሰጡን አማቾቻችን ናቸው። በ2019 ረመዳን የሚገባው የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ ዒድ አል ፊጥርም የሚውለው መጋቢት መባቻ አካባቢ እንደሚሆን ይጠበቃል፤ ቁርጡ በጨረቃ መታየት የሚታወቅ ቢሆንም ልዩነቱ ከአንድ ቀን የሚዘል አይደለም። ስለዚህ ክርስቲያኑ የሚበላበት የካቲት ሙስሊሙ ከጎሕ እስከ ማታ የሚጾምበት ወር ነው፤ የሙስሊሙ ጾም ሲፈታ ደግሞ ክርስቲያኑ ዐቢይ ጾም ይዟል። በወሎ አንድ ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊሙ ወገን በራሱ አራጅ የታረደ ከብት፣ የራሱ ወጥ ቤትና የራሱ ገበታ ይዘጋጅለታል፤ ዘመድ የሃይማኖቱ መለየት ከድግሱ እንዳያጎድለው የሚደረግ፣ ከጥንት የመጣ ሥርዓት ነው። ያን ሁሉ አዘጋጅቶ ዘመዱ በማይበላበት ወር መጥራት ግን ሥርዓቱን ባዶ ያደርገዋል። የሙሽራው አክስት በስብሰባው ላይ የተናገሩት አጭር ነበር፤ «እኛማ በጥር ብንመጣ በልተን መርቀን እንመለሳለን፤ የካቲትን ከጠራችሁን ግን መጥተን ቁጭ ነው የምንለው» አሉ። በእኔ አስተያየት የየካቲት ጉዳይ በዚሁ አብቅቷል።

ስለ ጥር ሲነገር ልማድ ስለሆነ ብቻ የተያዘ ወር አስመስለው የሚያቀርቡ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ወሩ የሠርግ ወር የሆነው ግን ከበቂ በላይ በሆነ ምክንያት ነው። ጅሩ ጥቁር መረሬ አፈር ነው፤ በክረምት ጭቃው እግር ይዞ የሚያስቀር፣ ከብት የሚያሰምጥ ነውና እንኳን ሙሽራ አጅቦ ለመሄድ ገበያ ለመውጣትም ያስቸግራል። ገበሬው ጤፉንና ስንዴውን የሚያጭደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ክምሩ ወደ አውድማ ወርዶ፣ ተበራይቶ፣ ለንፋስ ተሰጥቶ ወደ ጎተራ የሚገባው በገና ዙሪያ ነው። ከዚያ በፊት የጠራኸው ገበሬ ልቡ ክምሩ ላይ ነው፤ ያልጠበቁት ዝናብ ወይም እሳት የዓመት ልፋቱን ሊወስድበት ይችላልና አይፈረድበትም። በጥር ግን እህሉ ገብቷል፣ በሬው ከቀንበር አርፏል፣ ወንዙ ጎድሏል፣ መንገዱ ደርቋል። ቤት ታስሮ ሲቀለብ የከረመው የጅሩ ሰንጋም የሚሰባው በዚሁ ሰሞን ነው። ማሩ ደግሞ የክረምቱ አበባ ካለፈ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር የተቆረጠ ስለሆነ ለጠጁ ትኩስ ማር ይገኛል።

የድግሱ ሥራ ራሱ ደረቅ ወር ይፈልጋል። የጠላው ብቅል ተሰጥቶ የሚደርቀው በፀሐይ ነው፤ ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፣ አሻሮው ተቆልቶ ይፈጫል፣ ከዚያም ድፍድፉ በየጋኑ ይሞላል። ለአምስትና ለስድስት መቶ ሰው ጠላ የሚጠምቁ የአክስቶቼ ቡድን በሥራ ላይ ሲሆኑ ያየሁት፣ ግቢው በሙሉ ስጥና ጋን ሆኖ፣ ልጆች ዶሮና ፍየል ከስጡ ላይ ሲከለክሉ ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹም እንዲሁ ፀሐይ ይሻሉ። የጥር ምሽት ብርድ ስላለው ጥንስሱ ቶሎ እንደማይነሣ ሴቶቹ ያውቃሉና ጋኑን በጋቢና በጆንያ ይሸፍኑታል፣ ቀኑንም አስቀድመው ይጀምራሉ። ይህንን ሁሉ በሐምሌ ዶፍ ውስጥ ማድረግ ምን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት ጠማቂ መሆን አያስፈልግም።

ውበት ብቻ ቢሆን መለኪያው እኔ የምመርጠው ጥቅምትን ነበር። ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባው አልረገፈም፣ ዝናቡ አቁሟል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ለፎቶግራፍ የሚወጣ ሙሽራ ከዚህ የተሻለ ብርሃን አያገኝም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ብርድ ቢኖርም በቀን ፀሐይ ይካሳል። አዳራሹም እንደ ጥር አይጨናነቅም። ይሁን እንጂ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ጾመ ጽጌን በፈቃዳቸው የሚጾሙ እናቶችና አባቶች በርካታ ናቸው፤ ከኅዳር 6 ቁስቋም ጀምሮ እስከ ነቢያት ጾም መግቢያ ያሉት ቀናትም ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ከሁሉ በላይ ገበሬው ዘመድ በዚህ ጊዜ የአሮጌው እህል ያለቀበት፣ አዲሱ ያልደረሰለት ነው። ዘመዶቻቸው በሙሉ በከተማ የሚኖሩ፣ ጾመ ጽጌን የማይጾሙ ቤተሰቦች ካሉ ግን ጥቅምትን ያለማመንታት እመክራቸዋለሁ፤ እስካሁን በሚገባው ልክ ያልተጠቀምንበት ወቅት ነው።

ወንድማችን ከአሜሪካ ያቀረበው ሐሳብ የክረምቱን ነበር። የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጋው፣ እርሱም ረዘም ያለ ፈቃድ የሚያገኘው በዚያ ጊዜ ነው። ብዙ በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ ምክንያት ሠርጋቸውን በሐምሌ ያደርጋሉ፤ የሰኔ ጾም ከተፈታበት ከሐምሌ 5 እስከ ፍልሰታ ዋዜማ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6 ያለው ጊዜ ለእነርሱ እንደ ጥር ነው። እዚያው በሚኖሩበት አገር ለሚደገስ ሠርግ ይህ ተስማሚ ወቅት መሆኑን እቀበላለሁ፤ ሳምንቶቹ ጥቂት ስለሆኑ ቤተ ክርስቲያኑንም አዳራሹንም ከዓመት በፊት መያዝ ያስፈልጋል እንጂ። አዲስ አበባ ላይ ግን ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው። ድንኳን ያፈሳል፣ የሙሽራዋ ቬሎ ጭቃ ይጎትታል፣ ከጅሩ የሚመጣው ዘመድም በእርሻ ወቅት ቀንበሩን ጥሎ አይመጣም። አንድ ቤተሰብ ከአሜሪካ እንዲመች ሲባል ሃምሳ ቤተሰብ ከገጠር የሚቀር ከሆነ ምርጫው ለእኔ ግልጽ ነው። ወንድሜም ይህን ሲሰማ ነገሩን በቅንነት ተቀበለው፤ ልጆቹንና ባለቤቱን ትቶ ለጥቂት ቀናት ብቻውን ይመጣል፣ ሙሽሮቹም በክረምቱ ልጆቹ ሲመጡ ቤታቸው ጠርተው ያስተናግዷቸዋል። በነገራችን ላይ በክብር መዝገብ የሚፈጸመው ፊርማ ከድግሱ ጋር በአንድ ቀን መዋል ስለሌለበት፣ ለጉዞ ሰነድ የሚቸኩሉ ሙሽሮች ያንን አስቀድመው መጨረስ ይችላሉ።

ስለዚህ ጥርን መረጥን፤ የቀረው ከጥር እሑዶች አንዱን መለየት ነበር። በ2019 ጥር አምስት እሑዶች አሉት፤ 2፣ 9፣ 16፣ 23 እና 30። ጥር 2 ከገና በኋላ ሦስተኛው ቀን ስለሆነ ድግሱን ማሰናዳት ያለበት በጾሙ መጨረሻ ሳምንት ነው፤ ውቂያውን ያልጨረሰ ገበሬም ሊኖር ይችላል። ጥር 9 ከጥምቀት ዋዜማ በፊት ያለ ቀን ነው፤ ካህናቱ ለከተራ ይዘጋጃሉ፣ መልሱና ቅልቅሉም ከበዓሉ ጋር ይጋጫል። ጥምቀት ማክሰኞ፣ ቃና ዘገሊላ ረቡዕ ስለሚውሉ ጥር 16ን ብዙ ሰው ይሻማበታል፤ በበዓሉ የናረው የቅቤ፣ የዶሮና የእንቁላል ዋጋም ገና አይረጋም። ጥር 30 መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ሠርግ በአንድ ቀን አያልቅም። መልስ አለ፣ ቅልቅል አለ፤ ጥር 30 የተዳረች ሙሽራ በአማቾቿ ቤት የምትጠራው ረመዳን ከገባ በኋላ ይሆናል ማለት ነው። ጥር 23 ግን አስተርእዮ ማርያም ዓርብ ከዋለ በኋላ ያለው እሑድ ነው፤ ጠዋት ተክሊሉ ከቅዳሴው ጋር ደርሶ ሙሽሮቹ ይቆርባሉ፣ ምሳው በእኛ ወገን ይሆናል፣ መልሱ በሳምንቱ ውስጥ፣ ቅልቅሉም ከየካቲት በፊት ይጠናቀቃል። የኔታ ቀኑን ባርከው ሰጡን፤ የአማቾቻችን ሽማግሌዎችም ዱዓ አደረጉበት። ከጅሩ የሚመጡት ዘመዶቻችን ወደ በልግ እርሻ ለመመለስ ጊዜ ይተርፋቸዋል፤ ለወሎ ደገኞችም እንዲሁ።

አዳራሽ ፍለጋ የወጣነው ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያው አዳራሽ ጥር 23ን አስቀድሞ ለሌላ ሰጥቶ ስለነበር ጥር 16ን ሊያግባባን ሞከረ፤ እናቴ ግን ቀኑ የሰው ቀን ነው ብላ ወደ ሌላ ሄድን። ያገኘነው አነስ ያለ ነው፤ ለተረፈው ሰው ከዕድራችን ድንኳንና ወንበር ተውሰን በግቢያችን እናስተናግዳለን። ማሩን ከኅዳር ጀምረን ከጅሩ እናስመጣለን፣ ጌሾውንና ብቅሉን ከገና በፊት እናዘጋጃለን።

ሠርጋቸውን ወደ 2020 ለማሻገር የሚያስቡ አንባቢዎች ካሉ ሥሌቱ ይገለበጣል። በ2020 ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ ነነዌ ጥር 29፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 13፣ ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 8 ነው። ረመዳን የጥር አጋማሽ እንዳለፈ ስለሚገባ ከሙስሊም ዘመድ ጋር ለሚደገስ ሠርግ የጥር መጨረሻ አይመችም። በአንጻሩ ዳግም ትንሣኤ ሚያዝያ 15 ስለሚሆን፣ ግንቦት ሳይገባ ሚያዝያ 15፣ 22 እና 29 የተባሉ ሦስት እሑዶች ይገኛሉ። በእኔ ግምት ለ2020 ተጋቢዎች የሚመረጡት ሚያዝያ 15ና 22 ናቸው፤ 29 ግን ዒድ አል አድሐ በዚያ ሰሞን ስለሚጠበቅ ከአማቾች ጋር ሳይመከር መቆረጥ የለበትም። የሚያዝያ ከሰዓት ዝናብ እንዳለ ታስቦም ድንኳኑ ሸራው የማያፈስ መሆኑ አስቀድሞ ቢረጋገጥ መልካም ነው።